የፈረንሳይኛው ኤምፓርፌ ዱ ሱብዦንክቲፍ ሕግ አለው ወይስ ሽምደዳ ነው?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ጎበዞች። ፈረንሳይኛ ብቻዬን ነው የምማረው። ተራውን ሱብዦንክቲፍ (ግዴታ፣ ምኞት ወይም ጥርጣሬ ሲኖር ግሡ የሚይዘውን ቅርጽ)፣ «ኢል ፎ ክ ዠ ፓርል» (መናገር አለብኝ) እንደሚለው ያለውን፣ ደህና አድርጌ ይዤዋለሁ። የቆዩ ልብወለዶች ማንበብ ስጀምር ግን ሌላ ጣጣ መጣ። መጨረሻው ላይ ቲ ያለው፣ አናባቢው ላይ ደግሞ ያቺን ቆብ (^) የደፋ ግሥ በየገጹ ይገጥመኛል። መዝገበ ቃላት ስገልጥ «ኤምፓርፌ ዱ ሱብዦንክቲፍ»፣ የሱብዦንክቲፍ ያለፈ ጊዜ እንደማለት፣ ይለኛል። የርባታ ሠንጠረዡን ሳየውማ ጭራሽ ዞረብኝ። ፓርላስ፣ ፓርላሲዮን፣ ፉስ፣ ቫንስ... «ቨኒር» (መምጣት) ከሚል ግሥ «ቫንስ» ከየት ይመጣል? «ኤትር» (መሆን)ስ በምን ተአምር «ፉስ» ይሆናል?

ሕግ ካለው ንገሩኝ፣ ከሌለው ቁርጤን ልወቅ። ደግሞ ሰው ሲያወራ ይጠቀምበታል? ካልተጠቀመበት ለምን እደክማለሁ?

ቀለሜው፦

ሕግ አለው፣ ያውም ከተራው ሱብዦንክቲፍ የቀለለ። ችግሩ ብዙ መጽሐፍ ከመጨረሻው ጀምሮ ስለሚያስተምረው ነው። ፈረንሳይኛውን በድምፁ ነው የምጽፍልሽ፤ የላቲኑን ፊደል ስጠራ ኤ፣ አይ፣ ዩ፣ ኤስ እያልኩ ነው፣ እንደለመድነው። «ኡ» ብዬ የጻፍኩትን ደግሞ («ኑ» እና «ቩ» ላይ ካልሆነ) ከንፈርሽን አሹለሽ «ኢ» ለማለት እንደምትሞክሪ አድርገሽ አንብቢው።

ቨኒርን እርሺው። ኤትርንም እርሺው። የምትነሺው ከመነሻው ግሥ ሳይሆን ከፓሴ ሳምፕል (በጽሑፍ ከሚሠራበት ያለፈ ጊዜ) ነው፣ እሱም ከ«ቱ» (አንተ/አንቺ) መደብ ብቻ። ቱ ፓርላ። ቱ ፊኒ። ቱ ፉ። ቱ ቫን። አራቱም ሲጻፉ መጨረሻቸው ላይ የማይነበብ ኤስ አለ። እሱ ላይ ኤስ እና ኢ ጨምሪ። በቃ፣ ፓርላስ፣ ፊኒስ፣ ፉስ፣ ቫንስ። የ«ዠ» (እኔ) መደብ ይኸው ነው። ለቱ ከኋላው አንድ ኤስ ትጨምሪያለሽ፣ አይነበብም። ለኑ (እኛ) «ሲዮን»፣ ለቩ (እናንተ) «ሲዬ» ይሆናል፤ ፓርላሲዮን፣ ፓርላሲዬ። «እነሱ» ሲሆን መጨረሻው ኢ፣ ኤን፣ ቲ ተብሎ ይጻፋል፣ ግን አይነበብምና ተመልሶ ያው ፓርላስ ነው። ሁለቱ ኤሶች አንድ ላይ የሚጻፉት ለጌጥ እንዳይመስልሽ። በሁለት አናባቢ መሐል አንድ ኤስ ብቻ ቢሆን «ዝ» ተብሎ ይነበብ ነበር።

ለምን ቱን መረጥን? ዠን ብትወስጂ «ፓርሌ» ይልሻል፣ «እነሱ»ን ብትወስጂ «ፓርሌር» ይልሻል፣ ሁለቱም ያሳስታሉ። የግሡ አናባቢ ጥርት ብሎ የሚታየው ቱ ላይ ነው። አናባቢውም ቢሆን አራት ዓይነት ብቻ ነው። በኢ-አር የሚያልቁት ግሦች በሙሉ ኤ ናቸው፣ «አሌ» (መሄድ) ሳይቀር፣ ስለዚህ አላስ ነው። ሌሎቹ ወይ አይ ናቸው፣ ወይ ዩ ናቸው። አራተኛው ያ በአፍንጫ የሚወጣው የቫንስ ድምፅ ሲሆን እሱን የሚወስዱት ቨኒር፣ ተኒር (መያዝ) እና ከነሱ የወጡ ግሦች ናቸው።

አሁን «ኢል» (እሱ) ይቀራል። አፈንጋጩ እሱ ነው። ድርብ ኤስ የለውም፤ አናባቢው ቆብ ይደፋል፣ ከኋላው ቲ ይገባል፣ ቲዋም አትነበብም። ኢል ፓርላ፣ ኢል ፊኒ፣ ኢል ፉ፣ ኢል ቫን። ልብወለዱ ውስጥ ያስቸገረሽ ይሄ ነው። እሱም ቢሆን ዘመድ አለው። ድሮ ሲጻፍ ከቲዋ በፊት ኤስ ነበረች፣ «ፉስት» እንደማለት። ኤሷ ከአነጋገር ጠፋች፣ ቆቡ በቦታዋ ተተከለ። ስለዚህ በሌሎቹ መደቦች ሁለት ሆና የምታያት ኤስ እዚህ ቆቡ ሥር አለች ማለት ነው። ይህን ካየሽ በኋላ ሠንጠረዡ ያን ያህል የተበታተነ አይመስልሽም።

የድሮ አንባቢ፦

ቀለሜው ጨርሶታል፣ እኔ ስለ ማንበቡ ልጨምር። እህቴ፣ አንቺ የምትፈልጊው ለማንበብ ከሆነ ስድስቱንም መደብ እኩል አትልፊበት። መጽሐፍ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኚው «ኢል» እና «እነሱ»ን ነው። «ፓርላሲዮን» የሚል ነገር ሲገጥምሽ ደራሲው ወይ በጣም ጥንቁቅ ነው ወይ እየቀለደ ነው።

መጠንቀቅ ያለብሽ ፓሴ ሳምፕልና ይሄ ሱብዦንክቲፍ ኢል ላይ ድምፃቸው አንድ መሆኑን ነው። ኤ የሚወስዱት አያስቸግሩም፣ ምክንያቱም ፓሴ ሳምፕሉ ቲ የለውም። ኤ ቆብ ደፍታ ቲ ከተከተለቻት ያለቀ ነገር ነው። በአይ እና በዩ የሚሄዱት ላይ ግን ሁለቱም ቲ አላቸው፤ የሚለያቸው ቆቧ ብቻ ናት። «ፉ» ያለ ቆብ «ነበረ» ነው፣ ባለ ቆብ ሲሆን «ይሆን ዘንድ» ወይም «ቢሆን» ወደሚለው ይሄዳል። በፈረንጆች 1990 የፈረንሳይኛን አጻጻፍ ሲያሻሽሉ ከአይ እና ከዩ ላይ ቆብ ማንሳት ፈቅደዋል፣ እዚህ ግን አልነኩትም፣ ብታነሺው ሁለቱ ይምታታሉና።

ደግሞ ቆብና ቲ ያለው ሁሉ ይሄ አይደለም። «ኢል ኮኔ» (ያውቃል) እና «ኢል ፕሌ» (ደስ ያሰኛል) በተለመደው አጻጻፍ ቆብም ቲም አላቸው፣ ግን ተራ የአሁን ጊዜ ናቸው። ስለዚህ ዓይንሽን ከግሡ በፊት ወዳለው መልሺ። አያያዡ «ክ» አለ? «ቢየን ክ» (ምንም እንኳ)፣ «አቫን ክ» (ከ... በፊት)፣ «ፑር ክ» (እንዲ...) አለ? ዋናው ግሥ ኃላፊ ጊዜ ነው? ሁለቱም ከተሟሉ አገኘሽው።

አጠቃቀሙን ባጭሩ፦ «ዠ ቬ ኪል ቪየን» እንዲመጣ እፈልጋለሁ ነው። ዋናው ግሥ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ እንዲመጣ እፈልግ ነበር ሲሆን፣ የድሮው ሰዋስው «ዠ ቩሌ ኪል ቫን» በል ይላል። የዛሬ ሰው ግን «ዠ ቩሌ ኪል ቪየን» ብሎ ያልፋል። ይህን ደግሞ መንግሥትም ያውቀዋል። የፈረንሳይ ትምህርት ሚኒስቴር በፈረንጆች 1901 ባወጣው ደንብ «ኢል ፎድሬ ኪል ቪየን»ም «ኪል ቫን»ም ይቻላል ብሏል፤ ያ ዋናው ግሥ ኮንዲሲዮኔል («ያስፈልግ ነበር» የሚል ዓይነት) ሲሆን ነው። በ1976 ደግሞ ዋናው ግሥ ኃላፊ ጊዜ ሲሆንም ተፈቀደ። እና ተማሪ በዚህ ነጥብ አይቀነስበትም።

አልስማማም፦

የድሮ አንባቢ ስታነቢ መለየቱ ብቻ የሚበቃ ማስመሰሉ አይዋጥልኝም። በንግግር ሞቷል፣ እሺ። የሞተውም መጀመሪያ ፓሴ ሳምፕል ከአፍ ስለጠፋ ይመስለኛል፤ እናቱ ስትሞት ማን ያሳድገዋል። ድምፁም አላገዘውም። «ፑቯር» (መቻል) በዠ ሲረባ «ፑስ» ይሆናል፣ ይሄ በጆሮ «ቁንጫ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ጋር አንድ ነው። ሰው እየተሳቀበት ይናገራል?

ግን ጽሑፍ ላይ አልሞተም። «ፉስ» የሚለው ቃል እኮ ዛሬም አለ። የኢልን ባለ ቆብ «ፉ» ወስደሽ ከኋላው «ስ»ን ስታስጠጊ «ቢሆንም እንኳ» ይሆናል፤ «ነ ፉስ ክ» ደግሞ «ቢያንስ ለ...» እንደማለት ነው። ይህን ጋዜጣም ላይ ታገኚዋለሽ። «ዱሴ ዠ» (ግድ ቢሆንብኝም እንኳ) አለልሽ፣ ከ«ድቯር» (ግድ መሆን) የወጣ። ከሁሉም በላይ ግን «አቯር»ን (መኖር፣ «አለው» እንደሚባለው) ኢል ላይ እንደ ስምሽ እወቂው። ሲጻፍ ኢ፣ ባለ ቆብ ዩ፣ ቲ ነው፣ ሲነበብ «ኡ» ብቻ። ከሌላ ግሥ ጋር ሲጣመር «ሊሆን ይገባ ነበር»፣ «በሆነ ነበር» የሚል ትርጉም ይሰጣል። «ኢል ኡ ፋሉ» ቢልሽ «ያስፈልግ ነበር፣ ግን አልሆነም» ማለቱ ነው። ስለ ክ ምናምን አትፈልጊ፣ እዚህ ክ ላይኖር ይችላል። የድሮ አንባቢ ይህን ዘሎታል፣ ልብወለድ ውስጥ ግን በገፍ የሚገኘው እሱ ነው።

የድሮ አንባቢ፦

ልክ ነህ፣ «ኡ» ራሱን የቻለ ነገር ነው። «ያለ ክ አይመጣም» ግን አላልኩም 😄

ጀማሪዋ፦

ውይ እግዚአብሔር ይስጣችሁ! እስቲ ልሞክር፣ እረሙኝ። ሳቯር (ማወቅ)፦ ቱ ሱ፣ ስለዚህ ሱስ፣ ሱሲዮን፣ ኢል ሱ ባለ ቆብ። ፌር (ማድረግ)፦ ቱ ፊ፣ ስለዚህ ፊስ፣ ኢል ፊ። ቯር (ማየት)፦ ቱ ቪ፣ ቪስ፣ ኢል ቪ። ማንዤ (መብላት) ላይ ትንሽ ተጠራጠርኩ፤ ማንዣስ ነው አይደል? ፊኒር ላይ ግን አንድ ነገር አየሁ፤ ፊኒስ የሚለው ተራው ሱብዦንክቲፍ ላይም አለ። ተሳስቶ ነው ወይስ አንድ ነው?

ቀለሜው፦

ሁሉም ልክ ናቸው። ማንዣስ ላይ ከጂ በኋላ ኢ ትቀራለች፣ ካለሷ «ጋ» ተብሎ ይነበባልና። ፊኒር ላይ ያየሽው እውነት ነው። እንደ ፊኒር የሚረቡት ግሦች ላይ ሁለቱ ሱብዦንክቲፎች በአምስቱ መደብ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት ኢል ላይ ነው። ተራው ኢል ፊኒስ፣ የኛው ኢል ፊኒ ባለ ቆብ። «ፊኒሲዮን» ደግሞ ከተራው ኤምፓርፌ («እንጨርስ ነበር» ከሚለው ያለፈ ጊዜ) ጋርም አንድ ነው። የትኛው እንደሆነ ዓረፍተ ነገሩ ካልነገረሽ ማንም አይነግርሽም፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ለትርጉሙ ለውጥ አያመጣም።

ጀማሪዋ፦

የመጨረሻ። «ክሎር» (መዝጋት) የሚለውን ግሥ ፈልጌ ሠንጠረዡ ላይ ባዶ ሆነብኝ። አፑ ነው የተበላሸው?

አልስማማም፦

አፑ ደህና ነው። ክሎር ፓሴ ሳምፕል የለውም፣ መነሻው ከሌለ ይሄም የለም። «ትሬር» (ማለብ)ም እንደዚያው ነው። ባዶ ሳጥን ስታዪ እለፊው።