ለማኅበራችን መኪና ስንት ፈረስ ጉልበት ይበቃል? (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለጅማ አባሎቻችን ሁሉ። ባለፈው ስብሰባ የመኪናውን ነገር በጽሑፍ እንጨርሰው ተባብለን ነበር። የጋራ ማመልከቻው ረቂቅ እኔ ጋ ነው። እስካሁን እንዲህ ይላል፦ «በባትሪ የሚሄዱ ዊልቸሮችን የሚያመላልስ፣ ከ150 ፈረስ ጉልበት ያላነሰ መኪና እንዲገዛ እንጠይቃለን።» 150 ከየት መጣ እንዳትሉኝ። አንዱ አለ፣ ሌላው ደገመ፣ እኔ ጻፍኩ። በሉ አስተያየታችሁን አምጡ።

ሾፌሩ፦
እኔ ነኝ ያልኩት፣ አልክድም። የጅማ አዲስ አበባን መንገድ ከወጣትነቴ ጀምሮ ነድቼበታለሁ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጊቤ ወርዳችሁ ስትወጡ ደካማ ሞተር ያስለቅሳችኋል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትንፏቀቃላችሁ፣ የሙቀት መርፌው ወደ ቀይ ይጠጋል፣ ከኋላ ያለው ከባድ መኪና ጡሩምባውን ይለቅባችኋል። እዚህ ላይ ያ ከባድ ወንበር ሲጨመር አስቡት።

የቆጪዋ አባል፦
ጋሼ፣ እርስዎ የሚያስቡት ጊቤን ነው። እኔ አዲስ አበባ የምሄደው በዓመት ሁለቴ ቢሆን ነው። ሕክምና ግን በየሳምንቱ አለብኝ። ባጃጅ የሚታጠፈውን ዊልቸር ይጭን ነበር፣ የባትሪው ግን አይታጠፍም። ባለፈው ክረምት አንድ ሚኒባስ ቆመልኝ። አራት ሰው ከነወንበሬ ተሸክሞ አስገባኝ። የሞተሩ ጉልበት ምንም አልጎደለውም ነበር። የበሩ ጣሪያ ነው ግንባሬን ያለኝ።

መካኒኩ፦
ሒሳቡን ሠራሁት። አባዱላ ሰውና ዕቃ ጭኖ 2,900 ኪሎ ሆነ እንበል። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እንዲወጣ ጎማው ላይ 50 ፈረስ ያህል ይፈልጋል። ወንበሩ፣ ተቀማጯና ወንበሩን ወደ መኪናው የሚያነሳው ማንሻ ብረት አንድ ላይ 350 ኪሎ ቢሆኑ የእነሱ ድርሻ ስንት ነው? 6 ፈረስ። እኔም ደንግጬ ደግሜ ደመርኩት።

አንድ የሚረሳ ነገር ግን አለ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል፣ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ። ወረቀቱ ላይ 90 የተባለው አሮጌው 3,000 ሲሲ ናፍጣ እኛ ጋ ሲደርስ 75 ገደማ ነው። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ይህን ኪሳራ አብዛኛውን ይመልሰዋል። 2,500 ሲሲው ባለቱርቦ አባዱላ ወረቀቱ ላይ 102 ፈረስ ነው፣ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢም ጥሩ አድርጎ ይጎትታል። ጋሼ ያሉት 150 የሚገኘው 2,700 ሲሲው ቤንዚን ላይ ነው። እሱ ደግሞ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ሲያስጮኹት ነው፣ ቱርቦም የለውም።

ሾፌሩ፦
ይሁን ልጄ፣ በዳገቱ ረታኸኝ። ቁልቁለቱስ? ወደ ጊቤ ሲወረድ ሞተር አያድንም። ፍሬን ነው፣ ማርሽ መያዝ ነው። ከፈረሱ በፊት ፍሬኑና ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ሞላ) ይጻፍልኝ።

መካኒኩ፦
ትክክል ነዎት። ማሰሪያውም ይጨመር። የዊልቸር መፈተኛው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይሶ 7176-19 የሚባለው፣ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ሲጋጭ ወንበሩ ምን እንደሚሆን ያያል። በዚያ ቅጽበት የሚመጣው ጉልበት የወንበሩን ክብደት 20 እጥፍ ያህል ነው። 140 ኪሎ የሚመዝን ወንበር ወደ 2,800 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደፊት ይወረወራል ማለት ነው። በፕላስቲክ ገመድ ከመቀመጫ እግር ጋር አስሮ መሄድ ቀልድ ነው። ወለሉ ላይ በብሎን የተያዙ አራት ማሰሪያዎች ያስፈልጋሉ፣ ለተቀማጯ ደግሞ ለብቻዋ ቀበቶ።

የኪቶ ፉርዲሳው ተማሪ፦
ለምን ኤሌክትሪክ አንገዛም? ከፍታ አይነካውም፣ ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል፣ ቁልቁለት ላይ ባትሪውን ይሞላል። ደግሞስ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከልክሏል እኮ።

የቆጪዋ አባል፦
መብራት የጠፋ ዕለት ወንበሬም መኪናውም እኩል ሊቆሙ ነው! ለከተማ ግን ሐሳቡን አልጠላሁትም።

ሒሳብ ያዡ፦
እኔም አልጠላሁትም። ችግሩ ገበያ ላይ ያየኋቸው ኤሌክትሪኮች በብዛት ጣሪያቸው ዝቅ ያሉ አውቶሞቢሎች ናቸው። ባትሪው ወለሉ ስር ስለሚቀመጥ ወለሉን ቆርጦ ዝቅ ማድረግም አይቻልም። ባለረጅም ጣሪያ ኤሌክትሪክ ቫን ከተገኘ ዋጋውን አምጡና አብረን እንይ። ካልሆነ ያገለገለ ናፍጣ እዚሁ አገር ውስጥ መፈለግ ነው። በነገራችን ላይ ማንሻው ቢቀርና መወጣጫ ጣውላ ብቻ ቢሆን ብር አንቆጥብም?

መካኒኩ፦
ወለሉ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 1 ለ 6 ተዳፋት ለማግኘት ጣውላው 3 ሜትር ከ60 ይሆናል። መርካቶ መሐል ይህን ዘርግታችሁ አስቡት። ባጃጅ ይወጣበታል። 300 ኪሎ የሚያነሳ የኤሌክትሪክ ማንሻ ይሻላል። የሚሠራውም በመኪናው ባትሪ ስለሆነ ከፈረስ ጉልበቱ ጋር ጉዳይ የለውም። ጠንካራ ባትሪ ግን ይፈልጋል።

ጸሐፊዋ፦
እንግዲህ 150ውን ሰረዝኩት። አዲሱ እንዲህ ነው፦ «ባለረጅም ጣሪያ ቫን፤ ናፍጣ ከሆነ ቱርቦ ያለውና ከ100 ፈረስ ያላነሰ፤ ኤሌክትሪክ ከሆነ ማንሻው ተገጥሞለትና ሙሉ ጭኖ እዚሁ ጅማ ጂሬን ዳገት ላይ የተሞከረ፤ የበሩ ቁመት ተቀማጯ ወንበሯ ላይ እንዳለች ተለክቶ የተወሰነ፤ 300 ኪሎ የሚያነሳ ማንሻ፤ አራት የወለል ማሰሪያ፤ ፍሬኑና ባሌስትራው በመካኒክ የታየ።» የጎደለ ካለ ተናገሩ።

የቆጪዋ አባል፦
የጎደለው የእኔ ወንበር ክብደት ነው። ሁላችሁም 140 ኪሎ ትላላችሁ፣ ማንም መዝኖት አያውቅም። የቤት ሚዛን ደግሞ አይችለውም።

ሾፌሩ፦
የማውቀው የቡና መጋዘን አለ። ሚዛኑ መሬት ላይ የተዘረጋ ነው፣ በጎማ ይወጣበታል። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ሜትር የያዘ ሰው ይምጣ።

የቆጪዋ አባል (ቅዳሜ ከሰዓት)፦
ተመዘነ። ወንበሩ ብቻውን 152 ኪሎ፣ ከእኔ ጋር 213። የመጋዘኑ ልጆች «ሦስት ኬሻ ተኩል ቡና» ብለው ጻፉኝ። ተቀምጬ ከመሬት እስከ አናቴ 1 ሜትር ከ41 ነው። ቁጥሩን አስገቢውና ለፊርማ ይዙር።