ከጀርባ የተወሰደው ፈሳሽ ውጤት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ማጅራት ገትር ተጠርጥሮ ከጀርባው ፈሳሽ ተወሰደለት። ነጭ የደም ሴል 180፣ አብዛኛው ሊምፎሳይት፣ ስኳሩ ኖርማል ይላል። በጣም ጨንቆኛል፣ የሚገባችሁ ካላችሁ አስረዱኝ።

መልስ 1፦ እግዜር ይማረው። ጤነኛ አዋቂ ላይ ነጭ ሴሉ በማይክሮሊትር ከ5 አይበልጥም፣ ስለዚህ መቆጣት አለ። ግን ሊምፎሳይት የሚባለው የነጭ ሴል ዓይነት በዝቶ ስኳሩ ካልወረደ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ቫይረስ ነው። ባክቴሪያ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ኒውትሮፊል የሚባለው ሌላው የነጭ ሴል ዓይነት ይበዛል፣ ስኳሩ ይወርዳል፣ ፕሮቲኑ ይጨምራል፣ ፈሳሹም ይደፈርሳል።

መልስ 2፦ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ስኳሩን ብቻውን አትየው፣ በዚያው ሰዓት ከተለካው የደም ስኳር ሁለት ሦስተኛ አካባቢ መሆን አለበት። ቲቢም ሊምፎሳይት ያበዛል፣ ያኔ ግን ስኳሩ ይወርዳል። ደግሞ ናሙናው ሳይወሰድ አንቲባዮቲክ ጀምሮ ከነበረ ለሐኪሙ ንገሩ፣ ካልቸሩ (ጀርሙን አሳድጎ የሚለየው ምርመራ) ባክቴሪያውን ላያሳይ ይችላል።

ጠያቂው፦ ሁለት ቀን መርፌ ተወግቶ ነበር! አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ፣ ተባረኩ።