በኮሪያ ለወደቀው የአያቴ ወንድም መታሰቢያ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ
የተከበራችሁ ወገኖች፣ የአያቴ ታላቅ ወንድም የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ዘምቶ ኮሪያ ላይ ወደቀ። አያቴ ዛሬ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ወንድማቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት ወታደሮቹን ወደ ጅቡቲ የሚያወርደው ባቡር እዚህ ከዚራ ጣቢያ ሲቆም ነበር፤ የቋጠሩለትን ቆሎ በመስኮት አቀብለውት፣ በወጉ ሳይሰናበቱት ባቡሩ ተነሣ ይላሉ። በእጃችን ያለው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ሲሆን መቃብሩን አናውቅም። አያቴ በሕይወት ሳሉ መታሰቢያ ልናደርግለት እንፈልጋለን።

መልስ፦ ከሐረር
ፍለጋዎን ከአዲስ አበባ ይጀምሩ። በኮሪያ ጦርነት 122 ኢትዮጵያውያን ሲሞቱና 536 ሲቆስሉ አንድም ወታደር አልተማረከም። ቡሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር አርፈው የነበሩት አስከሬኖችም ወደ አገር ተመልሰው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። አፍንጮ በር ያለውን የዘማቾቹን መታሰቢያም ይጎብኙ። በቡሳኑ መካነ መቃብር ደግሞ የ40,896 ሙታን ስም የተቀረጸበት ግንብ ስላለ፣ በዚያ የሚያውቁት ሰው ካለ ስሙን ያስፈልጉ፤ ስሞቹ በላቲን ፊደል የተጻፉ በመሆናቸው ግን በአንድ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ የለም ብሎ መመለስ ስሕተት ነው።

መልስ፦ ከድሬዳዋ
መቃብሩ አዲስ አበባ ቢሆንም መታሰቢያው እዚህ ቢደረግ እመርጣለሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ለሻለቃው የሰጡት ስም ሐረርን ያስተዳድሩ የነበሩት የአባታቸው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ ወንድማችሁ እዚያ ሩቅ ተራራ ላይ ሲወድቅ የወደቀው ከዚሁ ከእኛ አገር በወጣ ስም ሥር ነው። በ1960 ዓ.ም. ቹንቾን ላይ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ ኮሪያውያን ያሰቡትን ሰው፣ እኅቱ በመጨረሻ ያየችበት ከተማ ልትረሳው አይገባም።

መልስ፦ በሐረር የደብር አገልጋይ
ልጄ፣ አንድ ነገር ልጨምር። በመዝገብም ሆነ በድንጋይ ላይ የሚገኘው የዓለም ስሙ ነው። በቅዳሴና በፍትሐት ጸሎት የሚታሰበው ግን በክርስትና ስሙ ነው፤ ይህንንም ስም የትኛውም የጦር መዝገብ አይነግርህም። ዛሬ የሚያውቁት ምናልባት አያትህ ብቻ ይሆናሉ። ወደ አዲስ አበባ ከመሄድህ በፊት ጠይቃቸውና ጻፈው።

ከጠያቂው
አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ አያቴን ጠየቅኋቸው። ለካ ይህን ያህል ዘመን በቤታችን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ሳያመነቱ ነገሩኝ፤ ደግሞም ያቺ ስም እናታቸው ለወንድማቸው ስትጸልይ ዘወትር የምትጠራት እንደነበረች ጨመሩልኝ። በፎቶግራፉ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ሻለቃው በተነሣበት በሚያዝያ ወር እዚሁ ድሬዳዋ እናስቀድሳለን፤ ከቅዳሴው በኋላም በጣቢያው በር በኩል አድርገን እንድንመልሳቸው አያቴ ጠይቀውናል።