ጥቆማ፦ የድሮ ሬስሊንግ ከየት ጀምረን እንይ ለምትሉ

ሰሞኑን የድሮ ሬስሊንግ የት እንደሚገኝ የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። ድሮ ስል የሃልክ ሆጋንን ዘመን ማለቴ አይደለም። ከዚያ በጣም በፊት ያለውን ነው፤ ቴሌቪዥን ገና ብርቅ የነበረበትን የ1940ዎቹን መጨረሻ፣ 50ዎቹንና የ60ዎቹን መጀመሪያ (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሳንቲም ከመክፈላችሁ በፊት የቺካጎን ጨዋታዎች በነጻ እዩ። ሙሉ ግጥሚያ እዩ፣ ቁርጥራጭ አትዩ። ቀጥሎ ፈረንሳይ። እንግሊዝ ትዕግሥት ላለው። ጃፓን ደግሞ ለታሪኩ ሲባል።

ለምን ቺካጎ? ስለተረፈ ነው። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ማለት ቀጥታ ስርጭት ነው፤ ካለፈ አለፈ። የቪዲዮ ቴፕ መቅጃ የመጣው በ1956 ነው። ከዚያ በፊት አንድን ፕሮግራም ማስቀረት የፈለገ ጣቢያ የፊልም ካሜራ ስክሪን ፊት ደቅኖ ስክሪኑን ይቀርጽ ነበር። ኪኔስኮፕ የሚሉት ይሄንን ነው። ዱሞንት የሚባለው የአሜሪካ ኔትወርክ ከ1949 እስከ 1955 ቅዳሜ ማታ ማታ ከቺካጎው ማሪጎልድ አዳራሽ ሬስሊንግ ያስተላልፍ ነበር፣ ዛሬ የምናየውም በዚህ መንገድ ፊልም ላይ የቀረውን ነው። ዱሞንት በ1956 ተዘጋ። ተዋናይቷ ኢዲ አዳምስ በ1996 በሰጠችው ምስክርነት የኔትወርኩ ፊልሞች በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጭነት መኪና ተጭነው ኒው ዮርክ ወደብ ውሃ ውስጥ ተደፍተዋል። ይሄን ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። ስለዚህ አንድ ሙሉ የማሪጎልድ ምሽት ስታገኙ እንደ ተራ ቪዲዮ አትለፉት።

ሬስሊንግ ለዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ልክ የሆነበት ምክንያት አለው። ሪንጉ ትንሽ ነው፣ መብራቱ ደማቅ ነው፣ አንድ ሁለት ካሜራ ይበቃዋል። ወጪው ኢምንት። በ1950 ቴሌቪዥን የነበረው የአሜሪካ ቤተሰብ ከመቶ 9 ነበር፤ በ1955 ከሦስት ቤት ሁለቱ ጋር ገብቷል። በእነዚያ ዓመታት ሬስሊንግ በየሳምንቱ በየቤቱ ሳሎን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ የት እንደሚገኝ። ኢንተርኔት አርካይቭ (የድሮ ፊልም የሚያስቀምጥ ድረ ገጽ) ለእኔ አንደኛ ነው። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ከሁሉም በላይ ፋይሉን አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ሆኖ በዳታ ለሚያይ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ በሌሊት ጥቅል አውርዶ ቀን ተረጋግቶ ማየት ነው። ችግሩ አመዳደቡ ዝርክርክ መሆኑ ነው። ስም የተሳሳተበት አለ፣ ዓመተ ምሕረት የሌለው አለ፣ አንዱ ግጥሚያ በሦስት ርዕስ ተደጋግሞ ታገኙታላችሁ።

ዩቲዩብ ላይ ምርጫው ይሰፋል፣ ግን አብዛኛው የተቆራረጠ ነው። የሰዎችን ስም ሳይሆን የቦታውን ስም ፈልጉ፤ ማሪጎልድ፣ ኢንተርናሽናል አምፊቲያትር፣ ኦሊምፒክ ኦዲቶሪየም ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ብትጽፉ የተሻለውን ታገኛላችሁ። የቺካጎ ፊልም አርካይቭስ የሚባለው ተቋም ደግሞ የጨዋታ አስተላላፊው የረስ ዴቪስና የባለቤቱ ስብስብ አለው። ብዛት ሳይሆን ጥራት ለሚፈልግ ሰው ከሁለቱም ይልቅ እሱን እጠቁማለሁ፤ ፊልሙን የያዙት የፊልም አያያዝ የሚያውቁ ሰዎች ናቸውና።

የትልቁ ኩባንያ፣ የደብሊው ደብሊው ኢ ነገርስ? ከ80ዎቹ ወዲህ ላለው ግሩም ነው። ለ50ዎቹ ብላችሁ ግን ወርሃዊ ክፍያ አትግቡ። ዲቪዲም እንዲሁ። «ወርቃማው ዘመን» እየተባለ የሚሸጠው ስብስብ ውስጥ በነጻ የሚገኘውን ያንኑ ታገኙታላችሁ። አንድ ወዳጄ ከአሜሪካ ያስመጣው ዲስክ ውስጥ አንዱ ግጥሚያ ሁለት ጊዜ ተደግሞ ነበር፣ ያውም መጨረሻው ተቆርጦ። ብሩንም ጊዜውንም በላው። በኮምፒውተር ቀለም የተቀቡትንም ዝለሏቸው። ፊት ሁሉ እንደ ሰም ይሆናል፣ የሕዝቡ ስሜት ይጠፋል። ጥቁርና ነጩ በቂ ነው፤ መብራቱም ካሜራውም ለእሱ የተሠራ ነው።

ምን ልይ ካላችሁ ጎርጀስ ጆርጅን አስቀድሙ። ትክክለኛ ስሙ ጆርጅ ዋግነር ነው። ግጥሚያውን ሳይሆን አገባቡን ነው በመጀመሪያ ማየት ያለባችሁ። ፀጉሩን ወርቃማ ቀለም አስነክሮ፣ እንደ ሙሽራ አስጠቅልሎ፣ የሚያብረቀርቅ ካባ ደርቦ ቀስ ብሎ ይመጣል። አሽከሩ ቀድሞት ሪንግ ውስጥ ገብቶ ሽቶ ይረጫል። ተመልካቹ ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ አንዳንዷ ሴትዮ ቦርሳዋን ታወዛውዛለች። እሱ ግን አይቸኩልም። ካባውን ሲያወልቅ እንኳ ደቂቃዎች ይፈጃል። ዳኛው እንደ ደንቡ ሊፈትሸው እጁን ሲዘረጋ ደግሞ በቆሸሸ እጅህ አትንካኝ ብሎ ወደ ኋላ ይሸሻል። እስካሁን አንድም ምት አልተሰነዘረም፤ አዳራሹ ግን በቁሙ ነው። ሙሐመድ አሊ በ1961 ላስ ቬጋስ ላይ አግኝቶት ከእሱ እንደተማረ ራሱ ተናግሯል። አሊ ከቡጢ በፊት አፉን እንዴት መሣሪያ እንዳደረገው የሚገርማችሁ ከሆነ መነሻው እዚህ አለ።

ከዚያ ሉ ቴዝን እዩ። ሉ ቴዝ የጎርጀስ ጆርጅ ተቃራኒ ነው፤ ጥቁር ቁምጣ፣ ዝምታ፣ ሥራ። የሀንጋሪ ተወላጅ አባቱ ናቸው ትግል ያስተማሩት። እሱን ስታዩ ዓይናችሁን እግሩ ላይ አድርጉ። ክንድ ጠምዝዞ ይዞ ሲቆም እንኳ እግሩ አያርፍም፤ የተጋጣሚውን ሚዛን እየሰረቀ ይንቀሳቀሳል፣ እናም ሰውየው መቼ እንደወደቀ ሳታውቁት ጀርባው መሬት ነክቷል። ግንቦት 21 ቀን 1952 ሆሊውድ ጊልሞር ፊልድ ላይ ባሮን ሚኬሌ ሊዮኔን ሲያሸንፍ የትኬት ገቢው ከ100 ሺህ ዶላር አልፏል፣ በሬስሊንግ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ሊዮኔን በሎስ አንጀለስ ያን ያህል ያስወደደው ቴሌቪዥን ነበር። ሰው ቤቱ በነጻ ያየውን ሰው ስታዲየም ሄዶ ከፍሎ ለማየት ተሰለፈ ማለት ነው።

«ውጤቱ አስቀድሞ የተነጋገሩበት አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ነው። ቲያትርም ውጤቱ የታወቀ ነው። እዚህ የምናየው ሁለት ሰዎች ሕዝቡን ሳያጡት፣ አንዱ ሌላውን ሳይጎዳው፣ ሰላሳ አርባ ደቂቃ እንዴት እንደሚይዙት ነው። ለዚህ ነው ቁርጥራጭ አትዩ የምለው። በቁርጥራጭ የምታዩት ውርወራውን ብቻ ነው፤ ውርወራው ግን ትርጉም የሚያገኘው ከፊቱ ባሉት አሥር ደቂቃዎች ነው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቀርፋፋ ይመስላሉ። ታገሡ።

አንድ ግጥሚያ ብቻ ምረጥ ብባል ፓት ኦኮነርና ባዲ ሮጀርስ ሰኔ 30 ቀን 1961 ቺካጎ ኮሚስኪ ፓርክ የተጋጠሙትን እመርጣለሁ። 38,622 ሰው ነበር። ከሦስት ሁለት ያሸነፈ ነው ሻምፒዮን የሚሆነው። አንድ አንድ ሆነው ሦስተኛው ላይ ኦኮነር ሁለት እግሩን አንስቶ ዘለለ፤ ሮጀርስ ገለል አለ፤ ኦኮነር ገመዱ ላይ ወደቀ፣ አለቀ። ሮጀርስ ትዕቢተኛ ነው፣ አረማመዱ ራሱ ያናድዳል፣ ግን ዓይን ከእሱ ላይ አይነሳም። ፊልሙ ተርፏል፣ በቀላሉም ይገኛል።

ቦቦ ብራዚልን ሳልጠቅስ አላልፍም። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ በጭንቅላቱ በሚመታው ምት የታወቀ። ጥቁርና ነጭ አንድ ሪንግ ውስጥ መግባት የማይፈቀድባቸው ከተሞች በነበሩበት ዘመን ነጭ ተመልካች ቆሞ የሚያጨበጭብለት ኮከብ ሆነ። ነሐሴ 18 ቀን 1962 ኒውአርክ ላይ ይህንኑ ሮጀርስን ረታ፤ ሮጀርስ ተጎድቻለሁ ስላለ ግን ቦቦ የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ አልቀበልም አለ፣ ድሉም በይፋ ሳይመዘገብለት ቀረ። የቦቦን ግጥሚያ ስታዩ የተመልካቹን ፊት ተከታተሉ።

ዋሽንግተን ዲሲ ላላችሁ ወገኖች ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዩ ስትሪት እንጀራ በልታችሁ ስትወጡ ወደ 14ኛውና ደብሊው ጎዳና መገናኛ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። እዚያ ተርነርስ አሬና የሚባል አዳራሽ ነበር። ቪንሰንት ጄምስ ማክማን፣ የታዋቂው ቪንስ ማክማን አባት፣ ከጥር 1956 ጀምሮ ሬስሊንግ በቴሌቪዥን ያስተላለፈው ከዚያ ነው። የዛሬው ግዙፍ ኩባንያ፣ ደብሊው ደብሊው ኢ፣ ሥሩ ያ ሰፈር ውስጥ ነው። አዳራሹ ፈርሷል፤ ከዚያ የተቀረጹ ጨዋታዎች ግን ዩቲዩብ ላይ አሉ፣ አርጀንቲና ያደገው አንቶኒኖ ሮካ በባዶ እግሩ ሲዘል ጭምር።

ፈረንሳይን ሁለተኛ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የፈረንሳይ መንግሥት የቴሌቪዥን ማኅደር፣ ኢና፣ የ50ዎቹንና የ60ዎቹን ግጥሚያዎች ይዟል፣ ከፊሉንም ለሕዝብ ከፍቷል። ምስሉ ከአሜሪካው ኪኔስኮፕ ይጠራል። አጨዋወቱ ይፈጥናል፤ መዝለል፣ መገለባበጥ፣ ከእጅ ማምለጥ የበዛበት ነው። ሬኔ ቤን ሸሙልን ፈልጉ። ነጭ ጭምብል የለበሰውን ላንዥ ብላንንም። ፈረንሳይኛ አለመቻል አያግድም፤ ማን ክፉ ማን ደግ እንደሆነ ለመለየት አንድ ደቂቃ ይበቃል። አውሮፓ ያላችሁ ማድለን የሚባለውን የኢናን የክፍያ አገልግሎት ሞክሩ። እኔ ክፈሉ የምለው እሱን ብቻ ነው፣ እሱንም ሌላ የድሮ የፈረንሳይ ፕሮግራም የሚስባችሁ ከሆነ።

እንግሊዝ ውስጥ አይቲቪ ሬስሊንግ ማሳየት የጀመረው ኅዳር 1955 ነው። ኬንት ዋልተን እስከ 1988 አስተላልፎታል። ጨዋታው እንደ ቦክስ በዙር የተከፈለ ነው፣ ዳኛው ሕግ የጣሰውን በአደባባይ ያስጠነቅቃል፣ ሰዎቹ ብዙ ጊዜ ከመጋጠማቸው በፊት ተጨባብጠው ነው። ትግሉ ራሱ የሚስበው ሰው ይወደዋል። ግን በነጻ የሚገኘው አብዛኛው የ70ዎቹ ስለሆነ ለ50ዎቹ ብላችሁ ከሆነ አትድከሙ።

ጃፓን የግጥሚያው ፊልም የተቆራረጠ ነው፣ ታሪኩ ግን ይበልጠዋል። የካቲት 19 ቀን 1954 ሪኪዶዛንና ጁዶኛው ማሳሂኮ ኪሙራ ከሻርፕ ወንድማማቾች ጋር ተጋጠሙ። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር ጣቢያው በየአደባባዩ ቴሌቪዥን ሰቅሎ ነበር፤ ቶኪዮ ሺምባሺ ጣቢያ ፊት ለፊት ሕዝቡ ጎርፍ ሆኖ የሚታይበት ፊልም አለ። በሰፈር ቪዲዮ ቤት ተጨናንቆ ሬስሊንግ ያየ ሰው ያንን ሕዝብ ሲያይ ስሜቱ ይገባዋል። የውጭ አገር ተጋጣሚዎቹን በመዳፉ ጠርዝ ደረታቸው ላይ ሲመታቸው ጃፓን ሁሉ የእኛ ሰው ይለው የነበረው ሪኪዶዛን ኮሪያ የተወለደ ነው፣ በሕይወት እያለ ግን ደብቆታል። ታኅሣሥ 1963 በስለት ተወግቶ ከሳምንት በኋላ ሞተ።

መጨረሻ ላይ ስለ ዳታ። እነዚህን ፊልሞች በከፍተኛ ጥራት መክፈት ዳታ ማቃጠል ነው። ዋናው ቅጂ ራሱ ከስክሪን ላይ የተቀረጸ ስለሆነ 360 ላይ ብታደርጉት የሚጎድልባችሁ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ይልቅ ድምፁን ጥሩ አድርጉት፣ ጆሮ ማዳመጫ ካላችሁ ተጠቀሙ። የማሪጎልዱ ጃክ ብሪክሃውስ የቤዝቦል ጨዋታም የሚያስተላልፍ ሰው ነበርና ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው፤ የሎስ አንጀለሱ ዲክ ሌን ግን ሲጮህ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ለመጀመሪያ ቀን ብሪክሃውስ ይሻላችኋል።