ብብቴን ያቃጠለኝ «ተፈጥሯዊ» ዲኦድራንት

እባካችሁ የምታውቁ አማክሩኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከሁለት ወር በፊት «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ አሉሚኒየም የሌለው» የሚል ዲኦድራንት ገዛሁ። ዋጋው የድሮዬን ሦስት እጥፍ ነው። በአሥረኛው ቀን ብብቴ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። አሁን ሸሚዝ ሲነካው እንኳን ያቃጥላል። ጀርባውን ባነብ ሁለተኛ ላይ የተጻፈው ቤኪንግ ሶዳ ነው። የቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) 5 አካባቢ፣ የሶዳው ከ8 በላይ። ለካ ብብቴን እንደ ኬክ ሊጥ ሶዳ ስነሰንስበት ከርሜያለሁ!

ተውኩትና ክሪስታል የሚሉትን ድንጋይ ገዛሁ። እሱም ላይ «አሉሚኒየም ክሎሮሃይድሬት (ላብ ማገጃ ውስጥ የሚገባው የአሉሚኒየም ጨው) የለውም» ይላል። ይዘቱ ግን ፖታሲየም አሉም ነው፤ ያው ፀጉር ቆራጮች የሚያውቁት ሸብ። እሱስ የአሉሚኒየም ጨው አይደል እንዴ? ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) ደግሞ ለመዋቢያ ዕቃ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ በሕግ አልደነገገም። ማንም ይለጥፈዋል።

እማዬ በስልክ «ሎሚ ቀቢው» ትለኛለች። በተላጠ ቆዳ ላይ? ኧረ በፈጠራችሁ!

ሶዳም ሽቶም የሌለው ሞክሮ የተስማማው አለ? ጥቁረቱስ በራሱ ይለቃል ወይስ የቆዳ ሐኪም ጋ ልሂድ? ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ሰው ፊት መቆም ነው፤ ምንም ሳልቀባ መዋል አልችልም።