ጂ+18 ቅይጥ ህንፃ ልንሠራ ነው፤ ሙሉ መስታወት ይሁን ወይስ ሌላ ነገር ይሻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ። አዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ በአክሲዮን ጂ+18 ልንሠራ ነው። ታች ሱቅና ካፌ፣ መሃል ቢሮ፣ ከላይ ደግሞ 40 መኖሪያ ቤት ይኖረዋል። ቦታው 500 ካሬ ገደማ ነው። በሰሜንና በደቡብ ያሉት ጎረቤቶች ጂ+4 ናቸው፣ ዋናው መንገድ በምዕራብ በኩል ነው። የመጀመሪያው ዲዛይን ከላይ እስከ ታች መስታወት ሆኖ መጣ። ያምራል፤ ግን አሁን የምሠራበት ቢሮም እንዲሁ ነው፣ ከሰዓት በኋላ መጋረጃ ዘግተን መብራት አብርተን ነው የምንውለው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኤሲው ቆሞ እንቀቀላለን። ይህንን በራሳችን ገንዘብ መድገም አልፈልግም። ለቦርዱ ምን ይዤ ልቅረብ? ስለ ውሃና ሶላርም የምታውቁትን ንገሩኝ።

አርክቴክቷ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ መስታወቱን ከምዕራቡ ፊት ላይ ቀንሱት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቀኑ ለስላሳ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ህንፃውን የሚያግለው የከተማው አየር ሳይሆን በመስታወቱ የሚገባው ፀሐይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናታችን ብዙም ስለማትርቅ፣ ለሰሜንና ለደቡብ መስኮት ከላይ ወጣ ያለ የኮንክሪት ጥላ ይበቃል። ምዕራብ ላይ ግን ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትገባ እሱ አያቆማትም። እዚያ ጥልቅ በረንዳ፣ ቁም ጥላ (ከመስኮቱ ጎን ቀጥ ብሎ የሚቆም) ወይም ግድግዳ ነው የሚያስፈልገው። ደረጃውንና ሽንት ቤቱን ወደ ምዕራብ ብታመጡት ራሱ ጥላ ይሆናችኋል። የሱቆቹ ፎቅ መስታወት ቢሆን ችግር የለውም፣ ዕቃ መታየት አለበት።

መስኮቱ የሚከፈት ይሁን። ዚምባብዌ ሐራሬ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተው ኢስትጌት ሱቅና ቢሮ ያለበት ትልቅ ህንፃ ነው። የሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር በኮንክሪቱ ውስጥ እያሳለፈ ነው ቀን ላይ የሚቀዘቅዘው፣ እንደሌሎቹ ህንፃዎች በኤሲ አይደለም። የኛ ሌሊት በአማካይ ከሐራሬም ይበርዳል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፣ ጎረቤቶቻችሁም ነገ ጂ+20 ሊሠሩ ይችላሉ። ከድንበሩ ሳትሸሹ መኝታ ቤት ወደዚያ ካዞራችሁ ብርሃኑም አየሩም አንድ ቀን ይዘጋል።

የኤሌክትሮ መካኒካል መሐንዲስ፦
እህታችን ባለችው እስማማለሁ። ስለ ሶላር ልጨምር። የሊፍቱ ክፍልና ታንከሮቹ ከያዙት የሚተርፈው ጣሪያ 200 ካሬ ቢሆን ነው፣ እሱ 40 ኪሎዋት ገደማ ነው። ለውሃ ፓምፕ፣ ለኮሪደርና ለቤዝመንት መብራት ጥሩ ነው፣ ህንፃውን ያንቀሳቅሳል ብላችሁ ግን ለባለአክሲዮን ቃል አትግቡ። ከግሪድ (ከዋናው የመብራት ኃይል መስመር) የሚመጣው መብራት አብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሆነ አየሩን የሚበክለውም ኪሳችሁን የሚያራቁተውም የጄኔሬተሩ ናፍጣ ነው። ኤሲ ከቀነሳችሁ ጄኔሬተሩም ያንሳል። ስትገዙ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚሰጠውን አቅም በጽሑፍ ጠይቁ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ካታሎጉ ላይ ያለውን ሙሉ አቅም ላይሰጥ ይችላል።

ውሃ፦ የከተማው ዝናብ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጣሪያው ቦታውን ሁሉ ሸፍኖ 500 ካሬ ቢሆን፣ ብክነቱ ተቀንሶ 500 ሜትር ኩብ ልትሰበስቡ ትችላላችሁ። ብዙ ይመስላል፣ ግን አንድ ቤት በቀን 240 ሊትር ቢጠቀም 40 ቤት በሁለት ወር ይጨርሰዋል፣ ዝናቡም ክረምት ላይ ተከማችቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለሽንት ቤት ብቻ አድርጉት፣ ከእጅ መታጠቢያና ከሻወር የሚወጣውንም አጣርታችሁ ጨምሩበት። ሁለተኛውን የቧንቧ መስመር አሁን ዘርጉ። ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ማንም አይነካውም።

የህንፃ አስተዳዳሪ፦
ከሥራዬ የማውቀውን ልንገርህ። ምጣዱን አስቡበት! አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። ቅዳሜ ጠዋት 20 ቤት አብሮ ቢጋግር 70 ኪሎዋት ነው፣ ከሶላራችሁ ሁሉ ይበልጣል። የጋራ መጋገሪያ ክፍል፣ እንፋሎት ማውጫ ያለው፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው አድርጉ፣ ከጄኔሬተር ጋር አታገናኙት። ልብስ ማስጫና በግ ማረጃም ከአሁኑ ቦታ ይያዝለት፣ ካልሆነ በዓል ሲመጣ ደረጃው ላይ ነው የሚሆነው።

የመኖሪያው ሊፍትና መግቢያ ከቢሮው ይለይ። ፓርኪንግ ግን ለየብቻ አትከፋፍሉ። የቢሮው መኪና ሲወጣ የነዋሪው ይገባል፣ አንድ ቤዝመንት ትቆጥባላችሁ። የካፌው ጭስ ማውጫ እስከ ጣሪያ ይውጣ፣ መሃል ላይ ከቀረ መኝታ ቤት ነው የሚገባው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። የቦርዱ ሰዎች ግን ባንክ የሚከራየው መስታወት ህንፃ ነው ይላሉ። ለሰርቨርም (ለቢሮው ዋና ኮምፒውተር) ኤሲ የግድ ነው እያሉ ነው።

አርክቴክቷ፦
ለሰርቨር ክፍሉ ብቻ ኤሲ ይግባለት፣ ለእሱ ተብሎ 18 ፎቅ አይቀዘቅዝም። ዲዛይነሩን ሁለት አማራጭ እንዲያሰላ ጠይቀው፤ አንዱ ሙሉ መስታወት፣ አንዱ ጥላ ያለው። ለእያንዳንዱ የመስታወቱን ዋጋ በውጭ ምንዛሪ፣ የኤሲውን ብዛት፣ የጄኔሬተሩን መጠንና የአምስት ዓመት ናፍጣ ያስቀምጥ። ከስብሰባው በፊትም የቦርዱን ሰዎች ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንተ ቢሮ አምጣቸውና በመስኮቱ በኩል አስቀምጣቸው።