አስቸኳይ! የልጄ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ተገልብጦ ተሞልቷል፣ ዛሬ ሌሊት ይዘጋል

የአዘዞዋ እናት (ከቀኑ 10፡20)
ሰላም እናንተ። ቸኩያለሁ፣ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ። የልጄን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሞላው ፒያሳ ያለ አንድ ኢንተርኔት ቤት ነው። አሁን ሱሪውን ላጥብ ብዬ፣ ውሃ ውስጥ ከነከርኩት በኋላ ኪሱ ውስጥ ወረቀቱን አገኘሁት። ጎንደር 11ኛ ላይ ነው! አንደኛ ሐዋሳ፣ ሁለተኛ አርባ ምንጭ፣ ሦስተኛ ጅማ። ኧረ በአርባ አራቱ ታቦት! እኔ ጎንደርን አንደኛ አስደርግ ብዬ ነው የላክሁት። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ነው። እሱ ደግሞ ለተዝካር ቆላድባ ሄዷል አሉኝ፣ ስልኩም ዝግ ነው። ዛሬ ሌሊት 6 ሰዓት ይዘጋል። በምን ልግባ?

ቀበሌ 18 (10፡26)
እናቴ፣ ናቹራል ነው ሶሻል? ስንት አመጣ? ወረቀቱስ ተልኳል ይላል ወይስ ገና ነው? ይህን ሳናውቅ ምን እንላለን።

የአዘዞዋ እናት (10፡29)
ናቹራል። 327። የትምህርት ቤት ካርዱ ላይ ደግሞ ሰማንያ፣ ሰማንያ ሁለት እያለ ነው የመጣው። ሰነፍም አይደል፣ ጎበዝም አይደል። ወረቀቱ ረጥቦ ታችኛው አይነበብም።

ደጉ ሰው (10፡31)
ወደ ትምህርት ቤቱ ሂጂ። ርዕሰ መምህሩ ያውቃል።

ጡረተኛው መምህር (10፡44)
«ጎበዝም አይደል» ያልሽው አላስደሰተኝም። የ12ኛ ክፍል ፈተናው ከ600 ነው፣ ማለፊያው 300። በ2014 ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ግማሹን ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። በ2015 እንዲያውም 3.2 ሆነ። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ያላለፈውን በር ልጅሽ አልፎታል፣ አንቺ ጎበዝ አይደለም ትያለሽ። በእኛ ጊዜ ማትሪክ በፊደል ነበር፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ። ቢ ለደረደረ ልጅ ቤተሰቡ ጠላ ይጠምቅ ነበር። የዛሬ ወላጅ ሰማንያ ሁለት አይቶ ፊቱን ያጨማድዳል። ሌላው ደግሞ፣ የልጅን ምርጫ ኢንተርኔት ቤት አይሞላም። ልጁ ራሱ፣ ወላጁ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። ይህ የአራት ዓመት ኑሮ ነው፣ የሞባይል ካርድ መሙላት አይደለም።

የአዘዞዋ እናት (10፡47)
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እውነትዎን ነው። ግን የይለፍ ቃሉስ?

ማራኪ ነኝ (10፡52)
ሃሃሃ፣ ጋሼ ያሉትን ብትሸመድጂው ምናልባት በሩ ይከፈት ይሆናል። እትዬ፣ ያንን ልጅ ሳላውቀው አልቀርም። ፒያሳ፣ ቀጭን፣ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ የሚሰካ? እሱ ከሆነ ሀገሩን በሙሉ በአንድ ቁልፍ ነው የሚቆልፈው። ለእኔ የፓስፖርት ቀጠሮ ሞልቶልኛል፣ ለሚስቴ ወንድም የሥራ ማመልከቻ ሞልቶለታል። የሁላችንም ፓስወርድ ስማችን በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ 1234። «እንዳትረሱት ብዬ ነው» ይላል። የጎንደር ሌባ ደግነቱ ኮምፒውተር አይወድም።

ከሜሪላንድ (10፡55)
አይዞሽ እህቴ፣ እዚህም ያው ነው። የእኔዋ ቢ አማካይ ናት። ዘጠኝ ቦታ አመልክታ ማርችን በሙሉ እንቅልፍ አልነበረንም። አራቱ እምቢ አሉ፣ አንዱ ተጠባባቂ ውስጥ ከተታት፣ የቀሩት ተቀበሉ። እስከ ሜይ 1 ወስኑ ይላሉ። እኔ ለቤታችን የሚቀርበውን ስል እሷ በአውሮፕላን የሚኬድበትን መረጠች። ክፍያውን ደግሞ አትጠይቁኝ።

ቀበሌ 18 (10፡57)
ሜሪላንድ፣ እግዜር ያክብርሽ፣ የሴትዮዋ ግን ዛሬ ሌሊት ነው የሚዘጋው።

ደጉ ሰው (10፡58)
ወደ ትምህርት ቤቱ ሂጂ እንዳልኩሽ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል።

ግቢ ያለሁ (11፡05)
የማራኪውን ቀልድ አትናቁት፣ ሞክሪው። ስሙን ግን መፈተኛ ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈው አድርጊ። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ አምስት ዓይነት ነው የሚጻፈው። የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ ወይም ትንሽ መሆኑንም እዪ። ደጋግመሽ አትሞክሪ፣ እንዳይቆልፍብሽ። ሁለት ጊዜ ሞክረሽ እምቢ ካለ ያኔ ትምህርት ቤት።

ሌላው፣ «አንደኛ» ብሎ መጻፍ ገባ ማለት አይደለም። ምርጫሽ ይታያል፣ ግን ውጤትና ያለው ቦታ ነው የሚወስነው። ጎንደር ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ስለዚህ ሁለተኛና ሦስተኛውን አስቢበት። ቅርብ ከፈለግሽ ደባርቅ አለ፣ ደብረ ታቦር አለ፣ ባሕር ዳር አለ። የትም ቢመደብ መጀመሪያ ፍሬሽማን ነው፣ የጋራ ኮርስ። የሚፈልገው ዲፓርትመንት የሚገኘው በአብዛኛው በፍሬሽማን ውጤቱ ነው። እኔ ማትሪክ 310 ነበረኝ፣ 400 ያመጡ ልጆችን ፍሬሽማን ላይ በልጬ ነው የምፈልገውን ያገኘሁት። የመውጫ ፈተናውም እንደሆነ ለአንድ ትምህርት ክፍል የትም አንድ ነው።

የሁለት ልጆች አባት (11፡12)
ይቅርታ እህቴ፣ እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ኢንተርኔት ቤት ተቻኩሎ ቢሞላ ከላይ ወደ ታች በዝርዝሩ ተራ ነበር የሚጠቀጥቀው። ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ጅማ ግን የታሰበበት ነው። ሦስቱም የምርምር ዩኒቨርሲቲ ናቸው፣ ሦስቱም ከጎንደር ሩቅ ናቸው። ጎንደርን 11ኛ ላይ ማስቀመጥም እንዲሁ አይመጣም። ልጁን ጠየቅሽው?

የአዘዞዋ እናት (11፡14)
ኳስ ሜዳ ነው። ደግሞ ልጄ አይዋሸኝም።

የሁለት ልጆች አባት (11፡15)
ዋሸ አላልኩም። ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ አጣጥፎ ነው የያዘው ነው ያልኩት።

ማራኪ ነኝ (11፡17)
ጉድ ፈላ።

የአዘዞዋ እናት (11፡31)
ገባልኝ!!! በሁለተኛው ሙከራ! ስሙን በሁለት ኤስ ነው የጻፈው። ማራኪ፣ ወልደህ ሳም። መቀየር ይቻላል፣ ተራውን እያነሱ ማውረድ ነው። አሁን ጎንደርን ወደ ላይ ላወጣው ነው። ቆይ፣ ልጁ መጣ።

ደጉ ሰው (11፡33)
እሰይ። ትምህርት ቤቱ ረዳሽ?

አርባ ምንጭ ያስተማርኩ (11፡40)
እንኳን ደስ አለሽ። ግን አንዴ ስሚኝ። የእኔም ልጅ የተመደበው አርባ ምንጭ ነበር። ሁለት ቀን አልቅሻለሁ። በሶውን በአምስት ሊትር ጀሪካን ጠቅጥቄ፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹን፣ ብርድ ልብሱን አሸክሜ ላክሁት። በሳምንቱ ስደውል «እማ፣ በሶው አለቀ፣ ዶርም ውስጥ ስምንት ነን፣ አሁን ዓሣ እየበላሁ ነው» አለኝ። ቤት እያለ ዓሣ ይሸተኛል የሚል ልጅ! ዛሬ ልብሱን ራሱ ያጥባል፣ ወጥ ይሠራል። የመንገዱን ነገር አላነሳም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። እሱ ነው የሚያስፈራኝ እንጂ ርቀቱ አይደለም።

የአዘዞዋ እናት (ከምሽቱ 1፡05)
ጠየቅሁት። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ «እኔ ነኝ እንዲህ ሙላልኝ ያልኩት» አለኝ። ለምን ብለው «ከአዘዞ ወጥቼ አላውቅም፣ ሁለቴ ባሕር ዳር ብቻ» አለ። እኔ ብቻዬን ነው ያሳደግሁት፣ ከሱ ሌላ የለኝም። ጎንደር ቢገባ ቅዳሜና እሁድ ይመጣል ብዬ ነበር። አሁን ሳሎን ተቀምጧል፣ እራቱን አልበላም። እኔ ደግሞ ስልኩን ይዤ ጓዳ ገብቻለሁ። ምን ላድርግ?

የሁለት ልጆች አባት (1፡09)
የእሱ ምርጫ ነው። ተይው።

ቀበሌ 18 (1፡11)
እንዴት ተይው? በዚህ ጊዜ? አንተ ልጆችህ የት ናቸው?

የሁለት ልጆች አባት (1፡12)
አንዷ ወልድያ፣ አንዱ እቤት ሶፋ ላይ።

ጡረተኛው መምህር (1፡20)
እናትና ልጅ አንድ ስልክ ላይ አብራችሁ ቁጭ በሉና እንደገና ሙሉት። እሱ አንዱን ይምረጥ፣ አንቺ አንዱን፣ እየተፈራረቃችሁ። ሐዋሳ አንደኛ ቢሆን ጎንደር ሁለተኛ ይሁን፣ ወይም ግልባጩ። 11ኛው ግን ለማንም አይበጅም። መጀመሪያ እራት ብሉ።

ግቢ ያለሁ (1፡26)
የጋሼ ይሻላል። ስትጨርሱ የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንሺው። ወዲያው ደግሞ ፓስወርዱን ቀይሪ፣ ግማሽ ጎንደር አሁን አውቆታል።

ማራኪ ነኝ (1፡27)
የእኔንም ልቀይር ሄድኩ።

ቀበሌ 18 (ሌሊት 5፡38)
የአዘዞዋ? 22 ደቂቃ ነው የቀረው። ሞላችሁ?

ቀበሌ 18 (ሌሊት 6፡02)
እኛ ሰፈር መብራት ጠፍቷል። አዘዞስ?

ከሜሪላንድ (በማግሥቱ)
እኔ እንኳ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እባክሽ የሆነውን ንገሪን።

አዲስ ገቢ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ይቅርታ፣ ርዕሱ ስለሚቀራረብ ነው እዚህ የጻፍኩት። የእኔ ልጅ 291 ነው ያመጣችው። ለሪሚዲያል፣ ማለፊያውን ላላመጡ ለሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት ተመድባለች፣ ዩኒቨርሲቲው ግን ምን ይዛ እንደምትሄድ አልነገረንም። ፍራሽ ይሰጣሉ ወይስ ይዛ ነው የምትሄደው? ነገ ነው የምትሳፈረው።

ደጉ ሰው
ትምህርት ቤቷን ጠይቂ።

አርባ ምንጭ ያስተማርኩ
ፍራሽ ለእኔ ልጅ ሰጥተውታል፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ግን ይዛ ትሂድ። በሶውን ደግሞ ከአምስት ሊትር በላይ አድርጊው።